ምች ነው ያልነው ቁስል

አጎቴ የደንቢያ ገበሬ ናቸው። ለጥምቀት ጎንደር መጥተው እኛ ቤት ያደሩ ጊዜ የታችኛው ከንፈራቸው ላይ አንዲት ቁስል አየሁ። የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ከላይዋ ቅርፊት ይዛለች። «ጋሼ፣ ከንፈርዎ ምን ሆነ?» ስላቸው «ኧረ ምች ነው፤ መንገድ ላይ ፀሐይ መታኝ» አሉኝ። እናቴ ወዲያው ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፈች። በመዳፏ አሸችና ጭማቂውን ቀባቻቸው። ከዚያ ሁላችንም ረሳነው።

ግንቦት ላይ ለክርስትና ደንቢያ ወረድን። ቁስሏ እዚያው አለች። አሁን ባቄላ አክላለች። ጠላ ሲጠጡ የጣሳው ጠርዝ ላይ ደም ነካ። «ቅርፊቱ ይወድቃል፣ ይደማል፣ ደግሞ መልሶ ይጋግራል። ግን አያመኝም» አሉ። በጣቴ ቆጠርኩ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ምች እንዲህ አይቆይም። ምች የሳምንት ነገር ነው፤ ቢበዛ የሁለት ሳምንት።

በኋላ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አሁን ደኅና ናቸው። ግን ያን ሁሉ ወር በዓይናችን እያየነው በስሙ ሳንጠራው ቀረን። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ ስጠይቅ፣ የደረስኩበትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ምች። እኛ ፀሐይ እንደምትጎዳ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ለጉዳቷ ስም ሰጥተንለታል፣ መድኃኒቱንም ጓሯችን ተክለናል። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ሽፍታ፣ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ኸርፐስ የሚባል ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ እናቶቻችን ከንፈርንና ፀሐይን ማገናኘታቸው ልክ ነበር። ችግሩ ወዲህ ነው። ምች የሚለው ቃል ፊት ላይ የሚወጣውን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ። ለሚድነውም ለማይድነውም አንድ ስም ሆነ። ስም ያለው ነገር ደግሞ አያስደነግጥም።

የማትሞቀው ፀሐይ

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፀሐይ ቆዳን ለካንሰር የምታጋልጠው በሙቀቷ አይደለም። የሚጎዳው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው። እሱ አይታይም፣ አይሞቅም። በመተማና በሁመራ ቆላ የሰሊጥ ሠራተኛ ሙቀቱ ስለሚያቃጥለው ጥላ ይፈልጋል። ደባርቅ ያለ እረኛ ግን ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋን ይናፍቃታል፤ ፊቱን ሰጥቷት ይቀመጣል። በጨረር በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ ከዚያም ከፍ ትላለች። ስሜን ተራራ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከ4000 ይዘላል። ነፋሻማው አየር ያታልላል እንጂ የደጋዋ ፀሐይ ከቆላዋ የባሰች ናት።

ሌላም አለ። ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም፤ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ ነው፤ ያን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ነሐሴ 13 አካባቢ ነው። ቡሄ! «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የምንለው ደመናው መሳሳት ስለሚጀምር ነው። ደመናው ሲሳሳ ፀሐይዋ ከላይ ቀጥ ብላ እየጠበቀችን ነው ማለት ነው። ስስ ደመና ደግሞ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፈዋል። ክረምት ነው ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

በቀን ውስጥ የምትከፋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው። ጎንደር ላይ ጫፍ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰዓት የሌለው ሰው በጥላው ይወቅ። አባቶቻችን ሰዓትን የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ነበር። ያ ልማድ ዛሬም ይሠራል። ጥላህ ካንተ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል። ጥላህ ከረዘመ ቀንሷል። ለዚህ ነው ሕፃን በማለዳ ፀሐይ ማሞቅ የማይነቀፈው። አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ የሚገኘው ከፀሐይ ነው። እናቶች የመረጡት ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነው።

ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? እያንዳንዷ የቆዳ ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል የሥራ መመሪያ አለ። በፊደል እንደተጻፈ መጽሐፍ አድርጋችሁ አስቡት። ጨረሩ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎችን ያጣብቃል። ሰውነት ጠጋኝ ስላለው ስሕተቱን ቆርጦ ያወጣና በትክክለኛው ይተካዋል። በየቀኑ ይጠግናል። ግን አንዳንዱ ያመልጠዋል። ያመለጠው በአንድ ቀን አያሳምምም። 20 ዓመት፣ 30 ዓመት ይጠራቀማል። አንድ ቀን «መባዛት አቁሚ» የሚለው የመመሪያው ቦታ ላይ ስሕተቱ ያርፋል። ካንሰር ከዚያ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የፀሐይ ጨረርን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ጥቁር ቆዳ አይዘውም?

እዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸራርፉ መናገር ያስፈልጋል። ስለ ቆዳ ካንሰር የሚወራው አብዛኛው ነገር ለነጮች የተጻፈ ነው። አውስትራሊያና አውሮፓ ያለውን ምክር እንዳለ ወስዶ ጎንደር ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ጨረሩን የሚያስቀር ጃንጥላ ነው። በጣም ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው የያዘው መከላከያ፣ በፀሐይ ክሬሞች መለኪያ በኤስፒኤፍ ሲሰላ፣ 13 ያህል ይሆናል። የነጭ ቆዳ 3 ቢሆን ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው በፀሐይ ምክንያት የቆዳ ካንሰር የሚይዘው ከነጭ በጣም ባነሰ መጠን ነው።

ባነሰ መጠን ማለት ግን አይዘውም ማለት አይደለም። የቆዳ ካንሰር ደግሞ ሁሉም ከፀሐይ አይመጣም። ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤዛል ሴል የሚባለው በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ባለበት ቦታ ይበላል እንጂ ወደ ሌላ አካል አይሄድም ማለት ይቻላል። ስኳመስ ሴል የሚባለው ጥቁር ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። አጎቴን የያዛቸው እሱ ነው። ችላ ከተባለ ወደ ንፍፊት ይወርዳል። ሜላኖማ ከሁሉም ያንሳል፤ ግን ከሁሉም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 330 ሺህ ያህል ሰው በሜላኖማ ተይዟል። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቷል።

ሜላኖማ ጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው። መዳፍ ላይ፣ የእግር ውስጠኛው ክፍል ላይ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይን የገደለው ይሄ ነው። የእግር ጣቱን ኳስ ሲጫወት የተጎዳ መስሎት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ምርመራው ሜላኖማ መሆኑን ነገረው። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል እምነቱ እንደማይፈቅድለት ተናግሮ እንቢ አለ። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቆ ነበር፤ የተቀበረውም በእኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ለ60ኛ ዓመት ልደቱ ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስበን ስንዘፍን፣ በምን እንደሞተ የሚያውቅ ስንቱ ነበር? አንድ የጥፍር ሥር ጥቁር መስመር። ማርያም የሳመችው የምንለው ምልክት ቀለሙ ከተቀየረ፣ ጠርዙ ከተዛባ፣ ከሰፋ፣ ከደማ፣ አዲስ ጥቁር ነጥብም ውስጥ እግር ላይ ከወጣ፣ መታየት አለበት። በሜዳችን ባዶ እግሩን ለሚሄድ ሰው ውስጥ እግርን የሚያይለት የለም። ልጆች ለአባቶቻቸው ይዩላቸው።

ስኳመስ ሴል ደግሞ የሚወድደው አሮጌ ጠባሳ ነው። በልጅነት ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ ሰው፣ ጠባሳው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ቆስሎ አልድን ሊለው ይችላል። ለዓመታት የቆየ የእግር ቁስልም እንዲሁ። ጠርዙ ማበጥና መገልበጥ ሲጀምር፣ ሽታው ሲለወጥ፣ ያ ቁስል ሌላ ነገር ሆኗል። በፀሐይ አይደለም፤ ግን በጊዜ ካልተያዘ እግር ያስቆርጣል።

ታዲያ ፀሐይ የእኛን ሰው የት ታገኘዋለች? አንደኛ ከንፈር ላይ። የታችኛው ከንፈር ወደ ላይ ያያል፤ ሜላኒኑም ከፊት ያነሰ ነው። አጎቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባርኔጣ ሳያደርጉ አርሰዋል፣ አጭደዋል። ሐኪሙ ግን «ፀሐይ ብቻ ነው ብዬ አልምልም» ብሏል። ሲጋራም ቢሆን ያመጣዋል። ሁለተኛ ዓይን ላይ። የዓይን ነጩ ክፍል ያለው ሜላኒን ከቆዳ ያነሰ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ፀሐይ በበዛበት፣ የዓይን ገጽ ካንሰር ከሌላው ዓለም በላይ ይታያል። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። «ዓይኔ ላይ ሥጋ በቀለ» የሚል ሰው ሁሉ ካንሰር የለበትም። አብዛኛው ቀላል ነገር ነው። ግን ሥጋው ቶሎ ካደገ፣ ነጭ ነገር ከላዩ ከጋገረ፣ ደም ሥር ከበዛበት፣ የዓይን ሐኪም ጋ መሄድ የግድ ነው።

ሦስተኛዎቹ ናቸው ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ።

ቅዳሜ ገበያ አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ልጅ አለች። አልቢኒዝም አለባት። ዕድሜዋ 20 ቢሆን ነው። ጃንጥላ ተክላለች። አንድ ቀን ስገዛ ልብ አልኩ፤ የጃንጥላው ጥላ የሚያርፈው ቲማቲሙ ላይ ነው። እንዳይበላሽባት። እሷ ራሷ ከጥላው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እጇ ከክርኗ በታች እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ነው። ቀያይ ነጠብጣብ አለበት። ገንዘቡን ስትቆጥር ብሮቹን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ነው። «እማ፣ ጃንጥላውን ወዳንቺ አድርጊው» አልኳት። «ቲማቲሙ ቢበላሽ ማን ይከፍለኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እጇ ላይ ያለው ሻካራ ነገር ካንሰር አይደለም። ገና ነው። ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ሜላኒን የለውም፣ ወይም በጣም ጥቂት ነው ያለው። ያን የተፈጥሮ ጃንጥላ ሳይዝ ነው የተወለደው። እንደ ተባበሩት መንግሥታት መረጃ፣ በአንዳንድ አገሮች አብዛኞቹ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ከ30 እስከ 40 ባለው ዕድሜ በቆዳ ካንሰር ይሞታሉ። ይሄ እጣ ፈንታ አይደለም። በባርኔጣ፣ በረጅም እጅጌና በክሬም የሚቀር ሞት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከክፍል ነው። ሜላኒን የሌለው ዓይን አጥርቶ አያይም። ልጁ ኋላ ሲቀመጥ ሰሌዳው አይታየውም። መምህሩ ሰነፍ ነው ይለዋል። ትምህርት ያቆማል። ያልተማረ ሰው የሚያገኘው ሥራ ሜዳ ላይ ነው፤ እርሻ፣ ጉልት፣ ቀን ሥራ። እንዲህ እያለ ትምህርት ቤት ፊት ወንበር የተነፈገ ልጅ 30 ዓመቱ ላይ ፀሐይዋ ትጠብቀዋለች። ለዚህ ሕክምናው ፊት ማስቀመጥ ነው። ብር አይጠይቅም።

ሲገኝ ምን ይደረጋል

አጎቴ ወደ ሕክምና ሳይሄዱ ቀርተው አይደለም። በመካከሉ አንድ የጤና ተቋም ሦስት ጊዜ ሄደዋል። ሦስቱንም ጊዜ ቅባት ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። ማንም «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ጎንደር ስናመጣቸው ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ ያለው «አባቴ፣ ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ሆነው?» ነው። «ከጥምቀት ወዲህ» ሲሉት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ አንገታቸውን በሁለት እጁ ዳሰሰ። ንፍፊት እየፈለገ ነበር። አላገኘም። ያን ጊዜ ለምን ፊቱ እንደፈካ አልገባኝም ነበር።

ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከናሙና ነው። ቦታውን አደንዝዘው ትንሽ ቁራጭ ይወስዳሉ። ፓቶሎጂ የሚባለው ክፍል በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ብዙ ሰው «ካንሰር ከተነካ ይባባሳል፣ ይበተናል» ብሎ ናሙና መስጠት ይፈራል። ይሄ ወሬ ስንቱን ሰው እንደጎዳ! የቆዳ ካንሰር ናሙና ስለተወሰደበት አይበተንም። የሚበተነው ስለተተወ ነው።

ለአብዛኛው የቆዳ ካንሰር ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ አይደለም የሚቆርጠው፤ በዙሪያው ካለው ደኅና ከሚመስለው ቆዳም ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምራል። አደጋው አነስተኛ ለሆነው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። የተቆረጠው እንደገና ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል። የሚፈለገው ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ ነው። ጠርዙ ላይ ካንሰር ካለ ቀሪ አለ ማለት ነው፤ ይደገማል። ስለዚህ የተቆረጠልኝ በቃ ብሎ ውጤቱን ሳይቀበል አገሩ የገባ ሰው ግማሽ ሕክምና ነው ያገኘው።

የአጎቴ ከንፈር እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ ወጣ፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ሹል። ሁለቱ ጎኖች ተገጣጥመው ተሰፉ። ሙሉ ማደንዘዣ አላስፈለገም። በዚያው ቀን እየተራመዱ ወጡ። ለሳምንት አጥሚት በስትሮ ጠጡ። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ መጣ፤ ጠርዙ ንጹሕ። አሁን ከንፈራቸው ትንሽ ጠበብ ብሏል። ጢማቸው ስለሚሸፍነው የማያውቅ ሰው ልብ አይለውም። የጤና መድን ደብተር ስላላቸውና ሪፈሩን ተከትለን ስለሄድን አብዛኛው ወጪ ተሸፈነ። ደብተሩን ያላሳደሰ ሰው ዛሬ ያሳድስ።

ዕጢው ሰፊ ከሆነ ቆዳው አይገጣጠምም። ያኔ ከጭን ስስ ቆዳ ተነስቶ ይለጠፋል፤ ወይም ከጎን ያለው ቆዳ ተዘዋውሮ ይሸፍነዋል። ፊት ላይ ላለ አስቸጋሪ ዕጢ ሞስ የሚባል ዘዴ አለ። ሐኪሙ ስስ እየላጠ፣ እዚያው በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ካንሰሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ልዩ ሥልጠናና ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

ገና ካንሰር ያልሆነው፣ እንደ ቲማቲም ሻጯ እጅ ያለው ሻካራ ነገር፣ ቢላ ሳይነካው ይድናል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፤ ሕዋሱን አቀዝቅዞ ይገድለዋል። ወይም ፍሎሮዩራሲል የሚባል ክሬም ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀባል። ክሬሙ ቆዳውን ያቀላል፣ ያቆስላል፤ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። እየሠራ ነው እኮ! ሐኪሙ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ ነገር ነው።

ቀዶ ጥገና የማይቻልበት ቦታ፣ ወይም አቅም ያነሰው ሽማግሌ፣ የጨረር ሕክምና ይሰጠዋል። ይሄ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚገኘው። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። አሁን ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እየሰፋ ነው፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ከዳባት ወይም ከጃናሞራ የተነሳ በሽተኛ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ማደሪያ ሲያጣ፣ ወረፋው ሲደርስ ካንሰሩ ቀድሞታል።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም አሉ። ኢሚውኖቴራፒ ይባላሉ። ካንሰሩን በቀጥታ አይመርዙትም። ካንሰር የሰውነትን ወታደር «ቁም» እያለ የሚያታልልበትን ፍሬን ይለቁበታል። የዚህን ሥር ያገኙት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል። በዚያው ዓመት ሴሚፕሊማብ የሚባለው ለተሰራጨ ስኳመስ ሴል የቆዳ ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ቀድሞ ተስፋ የሌለው የሚባል የሜላኖማ በሽተኛ ዛሬ ዓመታት ይኖራል። ዋጋው ግን የእኛ ገበሬ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ቤቱን ሸጦ የማይደርስበት ነው። ስለዚህ እኔ ጎንደር ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ አጎቴን የጠቀማቸው አዲስ መድኃኒት አይደለም። ከባቄላ ሳትበልጥ መቆረጧ ነው። ያቺ ቁስል ሎሚ ብታክል፣ ንፍፊቱ ቢያብጥ፣ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ስለዚህ የኔ መለኪያ አንድ ነው። አራት ሳምንት። አራት ሳምንት ሞልቶት ያልዳነ ቁስል፣ እብጠት፣ የሚደማ የቆዳ ኪንታሮት፣ ማንም ምንም ስም ይስጠው፣ ናሙና ይገባዋል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም። የማይሆነው የባሕል መድኃኒት ነው ተብሎ የሚያቃጥል ነገር ቁስሉ ላይ ማድረግ ነው። ከላይ ጠባሳ ይሠራል፤ ከሥር ካንሰሩ ይቀጥላል። ሐኪሙም ቢያየው ይደናገረዋል።

ጥላ

ስለ መከላከያ ብዙ አልልም፤ የምናውቀው ነው። ጃንጥላ ይዞ መሄድ ለሴት ብቻ ነው የሚለው ነገር ግን ይበቃል። ከጥንት ጀምሮ ጃንጥላ የንጉሥና የታቦት ክብር ነበር። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ስንቆም ታቦቱ ጥላ አለው፤ ካህናቱ ጥላ አላቸው፤ ሰልፉ ውስጥ ያለው ወጣት ብቻ አናቱን ሰጥቶ ይውላል። ነጠላ ጥሩ ነው፤ ግን ስስ ነው፤ ጨረር ያሳልፋል። እጥፍ አድርጎ መከናነብ ይሻላል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ እሱን የሚያልፍ ብዙ የለም። ባርኔጣ ከሆነ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍን፣ ክፈፉ ሰፊ የሆነ። ኬፕ ጆሮ አይሸፍንም።

ቫዝሊንና ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ፀሐይ አይከለክሉም። ማዲያት ለማጥፋት ተብሎ ከየሱቁ የሚገዛው ማቅያ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ብዙዎቹ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን የሚባል መድኃኒት አለባቸው፤ ሜርኩሪ የተገኘባቸውም አሉ። ቆዳን ያሳሳሉ፣ ሜላኒኑን ይገፋሉ። ተፈጥሮ በነጻ የሰጠንን ጃንጥላ በገንዘባችን እንቀድዳለን። ማዲያቱም ፀሐይ ካልተከለከለ ተመልሶ ይመጣል።

የፀሐይ ክሬም ለአብዛኞቻችን የግድ አይደለም። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ግን መድኃኒት ነው፤ እንደ ኢንሱሊን ያለ የየቀን መድኃኒት። ኤስፒኤፍ 30 የሆነ፣ በደንብ ወፈር ተደርጎ ተቀብቶ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተደግሞ፣ ከጨረሩ 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። እኛ ጋ የሚሸጠው ከውጭ መጥቶ፣ ከሽቶና ከሊፒስቲክ ጎን ተደርድሮ ነው። የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ለቲማቲም ሻጭ የማይታሰብ ነው።

ታንዛኒያ ሌላ መንገድ ሄዳለች። ሞሺ ከተማ፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ፣ የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። እዚያው ኪሊሰን የሚባል የፀሐይ ክሬም ያመርታሉ። አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች በነጻ ያድላሉ። ክሬሙን ሲሰጡ ቆዳቸውንም ያያሉ፤ የጀማመረ ነገር ካለ እዚያው ያክማሉ። እኔ ይሄን ሳነብ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው ትዝ ያለኝ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ሥራው ይሄ ነበር፤ ገጠር ወርዶ በሽታን ከምንጩ ማድረቅ። የፋርማሲ ትምህርት ቤት አለው። የቆዳ ሐኪሞች አሉት። የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው። ለክሬም መሥሪያ የሚያስፈልገው ዚንክ ኦክሳይድ ብርቅ ነገር አይደለም። ከተማው ውስጥና በዙሪያው ያሉት አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ተቆጥረው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቆዳቸው ታይቶ፣ ክሬማቸውን ይዘው ቢሄዱ የስንቱ ዕድሜ ይቀጥላል። ሰኔ 6 የአልቢኒዝም ቀን ሲመጣ ከባነርና ከፎቶ ይልቅ ይሄ ቢጀመር እወዳለሁ።

ቲማቲም ሻጯን ሁለተኛ ሳገኛት የቆዳ ሐኪም የሚያይበትን ቀን ነገርኳት። «ቅዳሜ ካልሆነ እመጣለሁ» አለች። ቅዳሜ የገበያዋ ቀን ነው። ማክሰኞ አብረን ሄድን። እጇን በፈሳሽ ናይትሮጅን ሦስት ቦታ ነኩላት። ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች፤ ምንም አልተናገረችም። ስንወጣ ሁለተኛ ጃንጥላ ፒያሳ ገዛን። አንደኛው ለቲማቲሙ ነው።

አጎቴ በየሦስት ወሩ አንገታቸውን ያስዳስሳሉ። እስካሁን ምንም የለም። ባለፈው ሲመለሱ ደንቢያ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠው የአንድ ጎረቤታቸውን ጆሮ አዩ። ሰውየው «ተወው፣ ምች ነው» ሲላቸው፣ አጎቴ ዋንጫቸውን አስቀመጡና «ስንት ሳምንት ሆነው?» አሉት።